ኸሊፋ አብዱላሂ፡ መተማ ላይ አሸንፈው ካራሪ ላይ የተሸነፉት የኦምዱርማን ገዢ

ከኦምዱርማን በስተሰሜን በሚገኘው የካራሪ ሜዳ፣ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 2/1898 ጎህ ሲቀድ የተጀመረው ውጊያ ቀትር ሳይደርስ አበቃ። በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ የማህዲያ ተዋጊዎች ሞቱ። ከእንግሊዝና ከግብፅ ጥምር ጦር የሞቱት ግን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ልዩነቱ የመጣው ከጀግንነት ማነስ አልነበረም። ጦርና ጎራዴ ይዘው በሜዳው ላይ የተመሙት ሱዳናውያን ያሳዩት ድፍረት ተኳሾቻቸውን ሳይቀር አስደንቋል። ለውጤቱ ምክንያት የሆነው አንደኛው ወገን የታጠቀው፣ ሌላኛው ግን ምላሽ ያላገኘለት መሣሪያ ነበር።

የተሸነፈውን ጦር ይመሩ የነበሩት ኸሊፋ አብዱላሂ ሱዳንን ከኦምዱርማን ሆነው ለ13 ዓመታት ገዝተዋል። በኢትዮጵያ ስማቸው ከጎንደር መቃጠልና ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሞት ጋር ተያይዞ ይነሳል። በሱዳን ደግሞ ለአንዳንዶች የነጻነት ጠባቂ፣ ለሌሎች ጨካኝ ገዢ ናቸው።

የሕይወታቸው ታሪክ ከዚህ ክርክር ያለፈም ጥያቄ ያዘለ ነው። አንድ አገር ልትመክተው የማትችለውን መሣሪያ የታጠቀ ጠላት ወደ በሯ ሲቃረብ ምን ማድረግ አለባት? ጥያቄው በኒውክሌር ዘመን የባሰ ከበደ እንጂ አዲስ አይደለም። ኦምዱርማን ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድማ ተጋፍጣዋለች።

ከዳርፉር የተነሱት ሰው

አብዱላሂ ቢን ሙሐመድ በ1846 ገደማ በደቡብ ዳርፉር፣ ከብት አርቢ ከሆኑት የበቃራ ጎሳዎች አንዱ በሆነው በታኢሻ ተወለዱ። ቤተሰባቸው በሃይማኖት ሰውነቱ የሚታወቅ ነበር። እሳቸው ግን ከትምህርቱ ይልቅ ወደ ፈረሱና ወደ ጦሩ ያደሉ እንደነበሩ ይነገራል።

ወጣት ሳሉ በዳርፉር ድንበር የጦር ኃይል ገንብተው ከነበሩት የባሪያ ነጋዴ አል-ዙቤይር ራህማ ጋር በተደረገ ውጊያ በ1873 ተማረኩ። ሊገደሉ ከተፈረደባቸው በኋላ የሃይማኖት ሊቃውንት አማልደው ነፍሳቸውን አተረፉ። አል-ዙቤይር ከጊዜ በኋላ እንደተናገሩት፣ ወጣቱ አብዱላሂ የሚጠበቁት ማህዲ እርሳቸው መሆናቸውን በሕልም እንዳዩ ጽፈውላቸው ነበር። አል-ዙቤይር ይህን አልተቀበሉም። አብዱላሂ ግን ማህዲውን መፈለጋቸውን አላቆሙም።

አባታቸው በጉዞ ላይ ከሞቱ በኋላ ወደ ምሥራቅ ቀጥለው በገዚራ ምድር ሙሐመድ አሕመድ ከተባሉ የሱፊ መምህር ጋር ተገናኙ። ይህ ግንኙነት የሁለቱንም ሰዎች፣ የሱዳንንም ዕጣ ቀየረ። ሙሐመድ አሕመድ በጁን 1881 ማህዲነታቸውን ሲያውጁ አብዱላሂ ዋና አማካሪያቸው ሆኑ፤ የመጀመሪያው ኸሊፋ ተብለውም ተሰየሙ። የምዕራቡን የበቃራ ፈረሰኛ ከእንቅስቃሴው ጎን ያሰለፉት፣ ጥቁሩን ባንዲራ ይዘው የዘመቱትም እሳቸው ናቸው።

በግብፅ አስተዳደር ግብርና በደል የተማረረው ሕዝብ ከማህዲው ኋላ ተከተለ። ጃንዋሪ 1883 ኤል ኦቤይድ ተያዘች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በእንግሊዛዊው ሂክስ ፓሻ የተመራው የግብፅ ጦር ሼይካን ላይ ተደመሰሰ። ጃንዋሪ 26/1885 ካርቱም ወደቀች፤ ጄኔራል ጎርደንም ተገደሉ። ዘመናዊ መሣሪያ ታጥቆ የመጣ ጦር በእምነትና በብዛት ሊሸነፍ እንደሚችል እነዚህ ዓመታት አሳዩ። አብዱላሂ ይህን ትምህርት እስከ መጨረሻው ይዘውት ኖሩ፤ ዘመኑ ግን ባለበት አልቆየም።

ኦምዱርማን መዲና ስትሆን

ማህዲው ካርቱም ከተያዘች አምስት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 22/1885 ኦምዱርማን ውስጥ አረፉ። አብዱላሂም ሥልጣኑን ያዙ። የማህዲው ዘመዶች የሆኑት የሰሜኑ ሰዎች ይህን ከልባቸው አልተቀበሉትም። በ1891 በግልጽ አምጸው ኸሊፋው አመጹን አዳፍነዋል።

አዲሱ ገዢ የፈረሰችውን ካርቱምን ትተው ከነጭ ዓባይ ማዶ ያለችውን ኦምዱርማንን መዲና አደረጉ። ከማህዲው መቃብር አጠገብ መኖሪያቸውን ሠሩ፤ ግምጃ ቤት፣ የጦር መሣሪያ ማከማቻ፣ እስር ቤትና ሰፊ የጸሎት ሜዳ አቋቋሙ። ከግብፆች የተማረኩ ጠመንጃዎችና መድፎች በመዲናዋ ተከማቹ። ጥይትና ባሩድ እዚያው ይሠራ ጀመር። በአገር ውስጥ የሚሠራው ባሩድ ግን ደካማ ነበር።

ኸሊፋው ከማህዲው የወረሱት የእምነት ጦርነት ከየትኛውም ጎረቤት ጋር ዘላቂ ሰላም ለማድረግ የሚያስችል አልነበረም። በ1887 ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ለግብፁ ገዢና ለኦቶማኑ ሱልጣን ደብዳቤ ጽፈው የማህዲውን ጥሪ እንዲቀበሉ ጠየቁ። ወደ ምሥራቅም ዓይናቸውን በኢትዮጵያ ላይ ጣሉ።

ጎንደር፣ የሰላሙ ደብዳቤና መተማ

ኢትዮጵያ ወደዚህ ጠብ የገባችው በከፊል በሌሎች ጉዳይ ነበር። አፄ ዮሐንስ ጁን 1884 አድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በማህዲያ ጦር የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ረዱ። በሴፕቴምበር 1885 ራስ አሉላ ኩፊት ላይ የማህዲያን ጦር ድል አደረጉ። በውለታው ምትክ ግን የጠበቁት ወዳጅነት አልተገኘም፤ ምጽዋን ጣልያን ያዘች።

በ1887 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በመተማ ያለውን የማህዲያ ጦር አጠቁ። የኸሊፋው ምላሽ ከባድ ነበር። ስመ ጥሩ የጦር አዛዣቸው ሐምዳን አቡ አንጃ በጃንዋሪ 1888 የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውሃ ላይ አሸንፈው ጎንደር ገቡ። ከተማዋ ተዘረፈች፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ።

በ1888 መጨረሻ አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ግልጽ ነበር። በሁለቱ አገራት ጦርነት የሚያልቀው ምስኪኑ ሕዝብ ነው፤ የሁለቱም እውነተኛ ጠላት ከባሕር ማዶ የመጡት አውሮፓውያን ናቸው፤ ስለዚህ እርስ በርስ ከመዋጋት ይልቅ በእነርሱ ላይ መተባበር ይሻላል የሚል ነበር። አቡ አንጃ የሰጡት መልስ ስድብ የተቀላቀለበት እምቢታ ሆነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰሜን ጣልያን፣ በደቡብ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ አለመታዘዝ ወጥሮ ይዟቸው ሳለ ወደ መተማ ዘመቱ። አቡ አንጃ ከውጊያው ጥቂት ሳምንታት በፊት ሞተው ዘኪ ቱማል ተተክተው ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. (ማርች 9/1889) የኢትዮጵያ ጦር የከተማዋን አጥር ጥሶ ድል ሊቀዳጅ ሲል አፄ ዮሐንስ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግስቱም አረፉ። ጦራቸው ተበተነ። አስከሬናቸው በማህዲያ ወታደሮች እጅ ገባ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደና ለሕዝብ ታየ።

ኦምዱርማን ድሉን አከበረች። ሒሳቡ ሲታይ ግን ሁለቱም አገራት ተሸንፈው ነበር። ኸሊፋው ከምርጥ ሠራዊታቸው ብዙውን ክፍል አጡ። ኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥቷን አጣች፤ ጣልያንም በተፈጠረው ክፍተት ተጠቅማ በዚያው ዓመት አስመራን ያዘች። ደብዳቤው የተነበየው በጥቂት ወራት ውስጥ እውነት ሆነ።

ክፉ ቀን በሁለቱም አገር

ኸሊፋው የገዛ ጎሳቸውን ታኢሻን ከዳርፉር ወደ ኦምዱርማን እንዲፈልስ አዝዘው ነበር። ዓላማቸው በመዲናዋ የሚተማመኑበትን ኃይል ማሰባሰብ ነበር። ብዙ ሺህ ሕዝብ ከነከብቱ መንገድ ላይ ያገኘውን እህል እየበላ ሲመጣ የዝናብ እጥረት ተጨመረበት። በ1889 እና በ1890 ሱዳን በረሃብ ተመታች። በዚያው ወቅት ኢትዮጵያ በከብት እልቂትና በድርቅ ክፉ ቀን የሚባለውን ዘመን ታሳልፍ ነበር።

የጦር ሜዳው ዕድልም ተገለበጠ። ግብፅን ለመውረር የተላከው የዋድ አል-ኑጁሚ ጦር ኦገስት 1889 ቱሽኪ ላይ ተደመሰሰ። በዲሴምበር 1893 ጣልያኖች አቆርዳት ላይ የማህዲያን ጦር አሸነፉ፤ በቀጣዩ ዓመት ከሰላን ያዙ። የመተማው ባለድል ዘኪ ቱማልም በኸሊፋው ተጠርጥረው ታሰሩ፤ ኦምዱርማን እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ሞቱ። መንግሥቱ ጎበዝ አዛዦቹን ራሱ እየበላ ነበር።

ጠላት ሐዲድ ዘርግቶ ሲመጣ

የአድዋ ድል ለኸሊፋው ያልተጠበቀ መዘዝ አመጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 1/1896) ጣልያን በኢትዮጵያ ስትሸነፍ፣ እንግሊዝ ከሰላ ያለውን የጣልያን ጦር ጫና ለማቃለል በሚል በዚያው ወር ወደ ዶንጎላ የሚዘምት ጦር አንቀሳቀሰች። አዛዡ ጄኔራል ኸርበርት ኪችነር ነበሩ።

ኪችነር አልቸኮሉም። ቀድሞ የመጡት እንግሊዞች በበረሃና በስንቅ እጦት እንደተሸነፉ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ከዋዲ ሐልፋ እስከ አቡ ሐመድ 370 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር ሐዲድ በኑቢያ በረሃ ላይ አስዘረጉ። ሐዲዱ ጥይት፣ ምግብና ተገጣጣሚ የጦር ጀልባ ሳይቀር ወደ ዓባይ ያመላልስ ጀመር።

ኸሊፋው ይህን እያዩ ዝም አላሉም። በዓባይ ዳር ምሽግ አስገነቡ፤ ከኦምዱርማን በስተሰሜን ባለው የሰበሉካ ጠባብ የወንዝ መተላለፊያ ላይም መድፍ አስቀመጡ። በወንዙ ውስጥ የሚጠመድ ፈንጂ ለማሠራት የተደረገው ሙከራ ግን ፈንጂውን ጭኖ የነበረውን የራሳቸውን መርከብ አሰጠመ። የሰበሉካ ምሽጎችም ስንቅ ማድረስ ባለመቻሉ ያለ ውጊያ ተለቀቁ።

ከሁሉ የከፋው ግን የፖለቲካ ስህተት ነበር። በጁላይ 1897 የቅርብ ዘመዳቸው የሆኑት የጦር መሪ ማሕሙድ አሕመድ፣ ለማዘዝ እምቢ ያሉትን የጀዓሊን ጎሳ ሰዎች በሸንዲ ማዶ ባለችው የሱዳኗ መተማ ፈጁ። በጠላት መንገድ ላይ የሚኖር ሕዝብ በዚህ ምክንያት ወደ ጠላት ዞረ። ማሕሙድም ኤፕሪል 8/1898 በአትባራ ተሸንፈው ተማረኩ።

የምኒልክ መንገድ

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባ የነበሩት ምኒልክ ተመሳሳይ አደጋ ተጋርጦባቸው ነበር። የመረጡት መንገድ ግን የተለየ ነበር። ለዓመታት ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያና ከራሷ ከጣልያን መሣሪያ ሲያከማቹ ቆይተው፣ አንዱን የአውሮፓ መንግሥት በሌላው እያመዛዘኑ አድዋ ላይ ለመድረስ ቻሉ።

ምኒልክና ኸሊፋው ከአድዋ ጦርነት ዘመን ጀምሮ መልእክተኞች ተለዋወጡ። የመተማ ደም ገና ያልደረቀ ቢሆንም ሁለቱም የጋራ አደጋ ታይቷቸው ነበር። ኸሊፋው ግን ለወዳጅነቱ ምኒልክ ከአውሮፓውያን ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያቋርጡ ይሹ ነበር። ለምኒልክ ይህ የመከላከያቸውን መሠረት ማፍረስ ነበር። ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች እንግሊዞችን ለማገድ በድንበር ላይ የምትሰቀል የፈረንሳይ ባንዲራ ወደ ኦምዱርማን ይዘው በሄዱ ጊዜም ኸሊፋው አልተቀበሉም። ነጻነታቸውን በሌላ መንግሥት ባንዲራ ጥላ ሥር ማስቀመጥ አልፈለጉም።

ምኒልክም ለኸሊፋው ብቻ ታማኝ አልነበሩም። በሜይ 1897 ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል ለማህዲያ የሚላክ መሣሪያ በግዛታቸው እንዳያልፍ ቃል ገቡ። በአንድ እጅ ለኦምዱርማን ደብዳቤ፣ በሌላው ለለንደን ፊርማ ሰጡ። ጦራቸውም ወደ ምዕራብ ዘልቆ ቤኒ ሻንጉልን ያዘ። ይህ አካሄድ ለወዳጅ የሚያኮራ ላይሆን ይችላል፤ አገራቸውን ግን ከቅኝ ግዛት አተረፈ።

የካራሪ ዋዜማ

ሴፕቴምበር 1/1898 የጠላት የጦር ጀልባዎች ኦምዱርማንን በመድፍ መደብደብ ጀመሩ። የማህዲው መቃብር ጉልላት ተመታ። ለተከታዮቹ የማይደፈር የመሰለው ቦታ ከሩቅ በተተኮሰ አዲስ ፈንጂ ተበሳ።

በዚያ ምሽት የኸሊፋው የጦር ምክር ቤት ተሰበሰበ። የጠላት ጦር 26 ሺህ ገደማ ነበር፤ በየብስና በጀልባ ላይ በአጠቃላይ 44 ማክሲም መትረየስና 80 መድፍ ይዟል። የኸሊፋው ጦር 50 ሺህ ያልፋል፤ አብዛኛው ግን ጦርና ጎራዴ የያዘ ነው።

በቀይ ባሕር ተራሮች ከእንግሊዞች ጋር ለዓመታት የተዋጉት ዑስማን ዲግናና ወጣቱ አዛዥ ኢብራሂም አል-ኸሊል በሌሊት እናጥቃ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መትረየስ በጨለማ ዒላማውን አያይም፤ ከተቀራረቡም ጎራዴ ዋጋ ያገኛል። የኸሊፋው ልጅ ዑስማን ሼይኽ አል-ዲን ግን ተቃወሙ። ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ ጠላትን ከሐዲዱና ከወንዙ የማራቅ ምርጫም ነበር። ኸሊፋው የማህዲውን መቃብርና መዲናቸውን ትተው መሄድን አልመረጡም። በሌሊት የሚዘምት ጦር እንዳይበታተንም ሰግተዋል። ውሳኔው ጎህ ሲቀድ መዋጋት ሆነ።

ኪችነር የሌሊት ጥቃትን አጥብቀው ይፈሩ ነበር። ጠላታቸው በቀን ብርሃን ክፍት ሜዳ ላይ መምጣቱ ሊያገኙ ከሚችሉት ሁሉ የተሻለ ዕድል ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል መትረየሱ ፊት ሳይደርስ ረገፈ። ኢብራሂም አል-ኸሊል ከቀደሙት ሟቾች አንዱ ሆኑ። የኸሊፋው ወንድም ያዕቆብ በጥቁሩ ባንዲራ ሥር ወደቁ። ከሰዓት በኋላ ኸሊፋው ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ከኦምዱርማን ወጡ።

አሸናፊዎቹ የማህዲውን መቃብር አፈረሱ፤ አጽማቸውንም ወደ ዓባይ ጣሉ። የራስ ቅላቸው ተነጥሎ በኪችነር እጅ ቆየ። ድርጊቱ በእንግሊዝ ቁጣ ከቀሰቀሰና ንግሥት ቪክቶሪያንም ካሳዘነ በኋላ ዋዲ ሐልፋ ተቀበረ። የአንድ ንጉሠ ነገሥት ራስ በድል ወደ ኦምዱርማን ከገባ ገና አሥር ዓመት አልሞላም ነበር።

የመጨረሻው ማለዳ

ኸሊፋው ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ በኮርዶፋን ተንቀሳቀሱ። ኖቬምበር 24/1899 በሬጂናልድ ዊንጌት የሚመራ ጦር ኡም ዲዋይካራት ላይ ደረሰባቸው። መሸሽ እንደማይቻል ባዩ ጊዜ ከፈረስ ወርደው በበግ አጎዛቸው ላይ ተቀመጡ። ሁለተኛው ኸሊፋ ዓሊ ዋድ ሒሉና ሌሎች አዛዦች በጎናቸው ተቀመጡ። ሁሉም በጥይት ተመትተው በተቀመጡበት ሞቱ። ጠላቶቻቸው ሳይቀሩ አሟሟታቸውን በአክብሮት መዝግበዋል፤ እዚያውም እንዲቀበሩ ፈቀዱ።

ከኸሊፋው በኋላ

የታሪክ ጸሐፊዎች ኸሊፋውን በሚመዝኑበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ካራሪው ምክር ቤት ይመለሳሉ። የሌሊት ጥቃት ቢፈቀድ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ብዙ እንግሊዞች ይሞቱ፣ ኪችነርም ያፈገፍጉ ይሆናል። ሐዲዱ ግን እዚያው ነበር፤ ሌላ ጦር ይዞ ይመጣ ነበር።

የኸሊፋው ዕጣ የተወሰነው በዚያ አንድ ምሽት ብቻ አይደለም። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ከጎረቤት የመጣው የሰላም ደብዳቤ ሲመለስ፣ ልምድ ያላቸው አዛዦች በጥርጣሬ ሲሞቱና በጠላት መንገድ ላይ ያለው የገዛ ወገን ሲፈጅ ምርጫዎቹ አንድ በአንድ ተዘግተዋል። ምሽጉና ፈንጂው የታሰቡት ሌላው በር ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ለኸሊፋው የተተወላቸው ሰላም ምን ዓይነት ሊሆን ይችል እንደነበር መጠየቅም ተገቢ ነው። እንግሊዝ ዓባይን ለመያዝ ከቆረጠች በኋላ እጅ መስጠት እንጂ መደራደር የሚፈቀድላቸው አይመስልም።

ኢትዮጵያም ከዚህ ፈተና ለዘለቄታው አላመለጠችም። ከአድዋ 40 ዓመት በኋላ ጣልያን የመርዝ ጋዝ ከአውሮፕላን እየረጨች ተመለሰች። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ አቤት ብለው የሚሰማ አጡ፤ በ1940 ካርቱም ደርሰው ከሱዳን በኩል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኖቬምበር 24/1961፣ ኸሊፋው ከሞቱ ልክ በ62ኛው ዓመት፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካና የእስያ አገራት ጋር ያቀረበችውን፣ የኒውክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አጸደቀ። አሜሪካ፣ ብሪታኒያና ፈረንሳይ ተቃወሙት። ውሳኔው አንድም ቦምብ አላስወገደም። መመከት የማይችሉትን መሣሪያ አይተው የሚያውቁ ሕዝቦች ግን ዝም ብለው እንዳልተቀመጡ መዝግቧል።

የማህዲው መቃብር በ1947 እንደገና ተሠራ። ከአጠገቡ ያለው የኸሊፋው መኖሪያ ደግሞ ቤተ መዘክር ሆነ። ኦምዱርማን ኤፕሪል 2023 በተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ዳግመኛ የጦር ሜዳ ሆናለች፤ በዚህኛው ግን በሁለቱም ወገን የተሰለፉት ሱዳናውያን ናቸው። አፄ ዮሐንስ በደብዳቤያቸው እንዳሉት፣ አሁንም በመካከል የሚያልቀው ምስኪኑ ሕዝብ ነው።